ከውኃው እስከ ማኅደሩ፦ የጣና ገዳማት መጻሕፍት እንዴት ተጠበቁ?

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በጀልባ ወደ ዘጌ የሚያቀና ሰው ክብራንና እንጦስ የሚባሉ ሁለት ትናንሽ ደሴቶችን ጎን ለጎን ያገኛል። ክብራን ላይ ያለው የቅዱስ ገብርኤል ገዳም በኢትዮጵያ ታሪክ አጥኚዎች ዘንድ ከሁሉ በላይ የሚታወቀው በብራና መጻሕፍቱ ነው። ከእነዚህ አንዱ በሥዕል ያጌጠው የክብራን ወንጌል ሲሆን፣ ባለሙያዎች ከ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 15ኛው መጀመሪያ ባለው ጊዜ ያስቀምጡታል። ስድስት መቶ ዓመት ገደማ ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን መጽሐፉን ያቆየው ማቀዝቀዣ ወይም የእርጥበት መለኪያ አልነበረም። ያቆየው አንድ የታሰበበት አሠራር ነው፤ ይህ ጽሑፍም የሚያስረዳው እሱን ነው።

አሠራሩን ለመረዳት ከውጭ ወደ ውስጥ መሄድ ይሻላል። የመጀመሪያው ግድግዳ ውኃው ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተኛ፣ ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል ሐይቅ ነው። በውስጡ 37 ያህል ደሴቶች ይቆጠራሉ፤ ከእነዚህ ወደ 20 በሚጠጉት ላይ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ተተክለዋል። የብዙዎቹ ምሥረታ ከ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ከዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመንና ከዚያ ወዲህ ካለው የምንኩስና መስፋፋት ጋር ይያያዛል። ክብራንን አባ ዘዮሐንስ፣ ዳጋ እስጢፋኖስን አባ ኂሩተ አምላክ፣ በዘጌ ያለውን ገዳም አባ በትረ ማርያም እንደ መሠረቱት ይተረካል። መነኮሳቱ ወደ ደሴት የሄዱት ከዓለም ለመራቅ ነበር። ነገር ግን ዓለም በእሳትና በሰይፍ በተናወጠ ቁጥር ይኸው ርቀት ለመጻሕፍት መሸሸጊያ ሆነ።

የተናወጠባቸው ጊዜያት ጥቂት አይደሉም። እ.ኤ.አ. ከ1529 እስከ 1543 በኢማም አሕመድ ዘመቻ በየብስ የነበሩ በርካታ አድባራት ከነመጻሕፍታቸው ተቃጠሉ፤ ያን ጊዜ ንዋያተ ቅድሳት ወደ ደሴቶቹ እየተሻገሩ እንደ ተሸሸጉ የገዳማቱ አባቶች ትውልድ ለትውልድ ሲያወርሱት የኖረ ታሪክ ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክ እምነትን በተቀበሉ ጊዜ ሀገሩ ለሁለት ተከፍሎ ተዋጋ። እ.ኤ.አ. በ1888 ደግሞ የሱዳን መሐዲስቶች ጎንደር ገብተው የከተማዋን አድባራት አነደዱ። ከጎንደር ተነሥቶ ጎርጎራ ሐይቁ ዳር ለመድረስ ረጅም መንገድ የለም፤ ከዚያ በኋላ ግን ወራሪው ታንኳ ይፈልጋል። የጣና ታንኳ ደግሞ ከደንገል የሚታሰር፣ ጥቂት ሰው የሚይዝ፣ አቀዛዘፉንም ሐይቁ ዳር የተወለደ የሚያውቀው ነው። ጦር በዚህ ላይ አይሻገርም።

ውኃውን ተሻግረን ደሴቱ ላይ እንውጣ። ከወደቡ ሽቅብ የሚወስደው የእግር መንገድ በጫካ ውስጥ ያልፋል፤ የገዳም ዛፍ አይቆረጥምና። ዛፉ ነፋሱን ያበርዳል፣ ፀሐዩን ያጣራል፣ የሣር ክዳን በነበረበት ዘመን ደግሞ ከሩቅ የሚመጣን የእሳት ፍንጣሪ ይይዝ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ዘወትር ከፍ ያለው ቦታ ላይ ነው። ክብ ነው፤ ሦስት ክፍል አለው። በውጭ ዙሪያውን ቅኔ ማሕሌቱ፣ ከዚያ ቅድስቱ፣ መካከል ላይ አራት ማዕዘን ሆኖ የቆመው መቅደሱ። በዘጌው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ወይም በደቅ ደሴት እቴጌ ምንትዋብ ባሠሩት ናርጋ ሥላሴ የገባ ሰው ዓይኑን የሚይዘው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ከላይ እስከ ታች የተሣለው ሥዕል ነው። ሥዕሉ በጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው። ማንበብ ለማይችለው ምእመን መጽሐፉ እሱ ስለሆነ፣ እኔ የቤተ መጻሕፍቱ አካል አድርጌ ነው የምቆጥረው።

የየዕለቱ መጻሕፍት ያሉት እዚሁ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ ወንጌሉ፣ መዝሙረ ዳዊቱ፣ ስንክሳሩ፣ ድጓው። በአትሮንስ ላይ ተዘርግተው ይነበባሉ። ሌላው ክምችት ግን በቅጥሩ ውስጥ ለብቻው በተሠራ ቤት ይቀመጣል። ስሙ ዕቃ ቤት ነው።

ዕቃ ቤት ሲሉት ተራ ማከማቻ ይመስላል። የገዳሙ ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ መዘክርና ግምጃ ቤት በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። የነገሥታት ዘውድ፣ የወርቅና የብር መስቀል፣ ካባ፣ ጽና፣ ከበሮና መጽሐፍ አብረው ያድራሉ። በዳጋ እስጢፋኖስ ደግሞ የዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የዐፄ ዘድንግልና የዐፄ ፋሲል ዐፅም በዕቃ ቤቱ ነው የሚጠበቀው። መጽሐፍ ከንጉሥ ዐፅም ጎን መቀመጡ ገዳሙ መጽሐፍን በምን ዓይን እንደሚያይ ይናገራል።

አሠራሩ ከገዳም ገዳም ይለያያል፤ ክብ የሆነም አራት ማዕዘንም፣ ምድር ቤት ብቻ የሆነም ባለ ፎቅም አለ። የሚያመሳስላቸው ግን አለ። ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ድንጋይ በጭቃ ወይም በኖራ። መስኮቱ ትንሽና ጥቂት፣ አንዳንዴም ከነጭራሹ የለም። በሩ አንድ ነው፣ ከከባድ ሳንቃ የተሠራ። ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያለው ባለ ፎቅ የድንጋይ ግንብ ይህን ዓይነት ጠንካራ አሠራር በቅርብ ለማየት ይጠቅማል፤ ግንቡ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከመጡት ካቶሊካውያን መነኮሳት ጋር እየተያያዘ ይነገራል። ወፍራም ግድግዳ ከሌባ ብቻ አይደለም የሚጠብቀው። ቀን የበላውን ሙቀት ቀስ ብሎ ስለሚለቅ፣ ውጭ ቀትር ሲጋይና ሌሊት ሲበርድ ውስጡ ብዙም አይለዋወጥም። የጭቃ ልስን ደግሞ አየሩ ሲርስ እርጥበቱን ይመጥጣል፣ ሲደርቅ መልሶ ይሰጣል። ለብራና ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱን ጥቂት ቆይቼ እመለስበታለሁ።

በሩ ተከፍቶ ወደ ውስጥ ሲገባ መደርደሪያ ፈልጎ ዓይንን ማንከራተት አያስፈልግም። መጻሕፍቱ እያንዳንዳቸው በቆዳ ማኅደር ገብተው፣ ማኅደሩ ክዳኑ ተከድኖ፣ በጠፍር ማንገቻው ግድግዳው ላይ ከተተከለ እንጨት ይንጠለጠላሉ። በባህላዊው ዕቃ ቤት የመጽሐፍ ቦታ ግድግዳው ነው። አውሮፓዊው ጎብኚ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይህን ሲያይ ይደነቅ ነበር፤ ሥዕልም ሠርቶለታል።

መጽሐፍን የማንጠልጠሉ ጥቅም ብዙ ነው። ወለሉ አፈር ነው፤ ከአፈር እርጥበት ይነሣል፣ ምስጥም ይነሣል። አይጥ ቆዳ ይወዳል፤ የተሰቀለን ግን በቀላሉ አያገኝም። በተንጠለጠለው ማኅደር ዙሪያ አየር ይንቀሳቀሳል። ችግር ሲመጣ ደግሞ፣ እሳትም ይሁን ጦር፣ አንድ መነኩሴ ሦስትና አራት መጽሐፍ በትከሻው አንግቶ ወደ ታንኳው ሊወርድ ይችላል። መደርደሪያ ሙሉ መጽሐፍ በጭንቅ ሰዓት አይነሣም፤ ማንገቻ ያለው ግን ከመጀመሪያውም ለጉዞ የተዘጋጀ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን ማኅደሩ ለመጽሐፉ ቅርፅ የሚሰጠው አገልግሎት ነው። ይህን ለማስረዳት ብራናው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያሻል። የፍየል፣ የበግ ወይም የጥጃ ቆዳ ውኃ ውስጥ ይነከራል። ከዚያ በእንጨት ማዕቀፍ ላይ ዙሪያውን በገመድ ተወጥሮ ሥጋውና ስቡ በቢላ ይፋቃል፣ ጠጉሩ ይነሣል፣ በሻካራ ድንጋይ እየታሸ ይለሰልሳል፣ ተወጥሮ እንዳለ ይደርቃል። ብራና ዳማጩ ሥራውን ሲጨርስ ነጭ ገጽ ይወጣል። ትልቅ መጽሐፍ ከመቶ በላይ ቆዳ ሊበላ ስለሚችል፣ አንድ መጽሐፍ ማስጻፍ የአንድ መንጋ ዋጋ ነበር። ጸሐፊው መስመሩን የሚያሰምረው በወስፌ ጫፍ ነው፤ ቀለም የለውም፣ ብራናው ላይ ጎድጎድ ያለ ምልክት ብቻ ይቀራል። ገጹን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጎ ላየው ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጣው መስመር ዛሬም ይታያል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት የሚዘጋጅ ነው። በአውሮፓ ብዙ ጊዜ ይጠቀሙበት የነበረው ብረት ያለበት ቀለም ዘመን ሲረዝም ገጹን ይበላል፤ የጥላሸት ቀለም ግን ብራናውን አይጎዳም። ጠላቱ ውኃ ነው። ገጹ ላይ የሚቀመጥ እንጂ ወደ ውስጥ የሚሰርግ ስላልሆነ፣ እርጥብ ጣት ካሸው ይለቃል።

እንግዲህ ብራና ቆዳ ነውና ቆዳነቱን አይረሳም። አየሩ ሲርስ ይመጥጣል፣ ያብጣል፣ ወደ እንስሳው ገላ ቅርፅ መመለስ ይፈልጋል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። ይህ ሲደጋገም ገጹ ይጨማደዳል፣ ላዩ ላይ ያለው የሥዕል ቀለም ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል። የአውሮፓ ጠራዦች ለዚህ ያገኙት መላ መጽሐፉን በብረት መቆለፊያ ገጥሞ መዝጋት ነበር። የእኛ ጠራዥ መቆለፊያ አልሠራም። ጥራዞቹን በክር እርስ በርስ አያይዞ ሰፋ፣ ከፊትና ከኋላ ብዙ ጊዜ ከዋንዛ የተጠረበ ገበታ አደረገ፣ ገበታውን በተደጎሰ ቆዳ አለበሰ። ከዚያም መጽሐፉን ልክክ ብሎ በሚይዘው ማኅደር ውስጥ ከተተው። ማኅደሩ ገበታዎቹን ገጥሞ ይይዛል፤ ገበታዎቹ ብራናውን ይጫናሉ፤ ብራናውም ለመጨማደድ ቦታ ያጣል። ስለዚህ መጽሐፉን ከማኅደሩ አውጥቶ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ገልጦ ማስቀመጥ ማለት የጥበቃውን የመጨረሻ ግድግዳ መንቀል ማለት ነው።

የሰው ግድግዳም አለ። ዕቃ ቤቱን አንድ ሰው ብቻውን እንዳይከፍተው ቁልፉ በተለያዩ አገልጋዮች እጅ የሚከፋፈልበት ልማድ በብዙ አድባራትና ገዳማት ይታወቃል፤ አንዱ ከጎደለ በሩ አይከፈትም። ተመራማሪዎች በዚህ ሲበሳጩ ሰምቻለሁ። እኔ ግን መጻሕፍቱ ለእኛ የደረሱት በሩ በቀላሉ ስለማይከፈት ነው ባይ ነኝ።

መጽሐፉ ራሱም ይከራከራል። የመጨረሻው ወይም የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያስጻፈው ሰው ስም፣ የጸሐፊው ስም፣ የተሰጠበት ቤተ ክርስቲያን ይጠቀሳል፤ ቀጥሎም ግዝቱ ይመጣል፦ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን»፤ የሰረቀውና የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን። መፋቁ ለብቻ የተጠቀሰው በከንቱ አይደለም። ብራና ሊፋቅና ሌላ ስም ሊጻፍበት ይችላል፤ በወንጌሉ ባዶ ቅጠሎች ላይ ደግሞ ንጉሡ ለገዳሙ የሰጠው ርስትና ጉልት፣ የምስክሮቹ ስም፣ የውርስና የሽያጭ ውል ይመዘገብ ነበር። መሬት የተከራከረ ሰው ወንጌሉ ወጥቶ ይነበብለታል። ስለዚህ ዕቃ ቤቱ የውል መዝገብ ቤትም ነበር ማለት ነው። የታሪክ ተመራማሪዎች ዛሬ ስለ መሬት ሥሪት የሚያውቁትን ብዙውን ያገኙት ከእነዚህ የኅዳግ ጽሑፎች ነው።

ይህ ሁሉ ጥበቃ ባልነበረበት ወይም በተሸነፈበት ቦታ የሆነውን እናውቃለን። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት ጭምር ሰብስበው መቅደላ ያከማቿቸው መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1868 በእንግሊዝ ጦር እጅ ወደቁ፤ 350 ያህሉ ለንደን ገብተው ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ ቡድን ከጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎቹን አስነሥቶ ወሰደ፤ ከአካባቢው የሰበሰባቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ብራናዎችም ፓሪስ ናቸው። የጣና ደሴቶች ክምችት በአንጻሩ እዚሁ አለ። ጉዳት አልደረሰበትም አልልም፤ ሰው ግን ዛሬም ደሴቱ ላይ ሄዶ የክብራንን መጽሐፍ በክብራን ያገኘዋል።

ቅጂ የማንሣቱ ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። ኤርንስት ሐመርሽሚት የተባሉ የኢትዮጵያ ጥናት ምሁር በሐይቁ ዙሪያ ተዘዋውረው ከ180 በላይ መጻሕፍትን በማይክሮፊልም አነሡ። የክብራን መጻሕፍት ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1973፣ የደብረ ማርያምና የሬማ ገዳማት ደግሞ በ1977 በጀርመንኛ ታተመ። የዳጋ እስጢፋኖስን ጨምሮ የቀረውን ክፍል በ1999 ያወጡት ቬሮኒካ ሲክስ ናቸው። ዳጋ ሴት የማትገባበት ገዳም ነው። የመጻሕፍቱን ዝርዝር በፊልም እያነበቡ ለዓለም ያቀረቡት ግን ሴት ናቸው። የቅጂን ጥቅም ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም፤ የገዳሙ ሥርዓት ሳይነካ መጽሐፉ አንባቢው ዘንድ ደረሰ። በሀገር ደረጃ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ ከዘጠኝ ሺህ በላይ መጻሕፍትን አንሥቷል፤ ለዝርዝሩ ዝግጅት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የዕድሜያቸውን ትልቁን ክፍል ሰጥተዋል።

ነገር ግን ቅጂው መኖሩ ዋናውን ከጉዳት አያድነውም፤ የዛሬው አደጋ ደግሞ ከጦር ይልቅ ከጣሪያው የሚመጣ ነው። የሣር ክዳን በቆርቆሮ ተተክቷል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ሣር በየጊዜው መታደስ አለበት፣ እሳትም ይፈራል፣ አሠራሩን የሚያውቅ እጅም እየጠፋ ነው። ቆርቆሮ ግን ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። በባሕር ዳር አካባቢ በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይዘንባል፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በነዚያ ወራት እርጥብ አየር ከቀዝቃዛው ቆርቆሮ ሥር ሲደርስ ወደ ውኃ ጠብታ ይለወጣል። ቆርቆሮው ሳይቀደድ ከውስጥ ያንጠባጥባል ማለት ነው። የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ሆኖ ከሰነበተ ብራና ላይ ሻጋታ ይነሣል። ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ማድረግ፣ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል አየር እንዲያልፍ መተው፣ መጻሕፍቱንም ከውጭ ግድግዳ ትንሽ ማራቅ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ መፍትሔ ነው።

ስለ አዳዲሶቹ የሲሚንቶ ሙዚየሞችም አንድ ነገር ልበል። በየገዳሙ ሙዚየም መሠራቱ ከልብ ያስደስተኛል፤ ቅርሱ ከጨለማ ወጥቶ እንዲታይ፣ ገዳሙም ገቢ እንዲያገኝ ያደርጋል። የብሎኬትና የሲሚንቶ ግድግዳ ግን እንደ ጭቃው እርጥበት መጥጦ አይመልስም። ሰፊ የመስታወት መስኮት ብርሃን ያስገባል፤ ብርሃን ቀለም ያደበዝዛል። አየር የማይገባበት የመስታወት ሣጥን በክረምት የገባበትን እርጥበት ቆልፎ ያስቀራል። ስለዚህ የሙዚየሙን ንድፍ የሚሠራው መሐንዲስ እርሳሱን ከማንሣቱ በፊት አሮጌው ዕቃ ቤት ውስጥ ገብቶ ቢቀመጥ፣ ግድግዳውን ቢለካ፣ መስኮቱ ለምን ትንሽ እንደሆነ አረጋውያኑን ቢጠይቅ እመክራለሁ።

ለጎብኚ የሚገለጡት መጻሕፍት ነገር ደግሞ አጣዳፊ ነው። በየገዳሙ ለእንግዳ የሚወጣው ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት፣ ሥዕሉ ያማረ መጽሐፍ ነው፤ የሚገለጠውም ያው ሥዕሉ ያለበት ገጽ ነው። የዚያ ገጽ ጠርዝ በጣት ወዝ ጠቁሯል፣ ስፌቱ እዚያው ላይ ላልቷል። የእነዚህን ጥቂት ገጾች ጥራት ያለው ፎቶግራፍ በዋናው መጠን አሳትሞ ለእንግዳ እሱን ማሳየት ይቻላል፤ ዋናው መጽሐፍ በበዓሉ ቀን ብቻ ይውጣ። የቅጂዎቹ ስብስብ ደግሞ ባሕር ዳር ላይ፣ ማንኛውም ተማሪ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ጀልባ ሳይከራይ ገብቶ በሚያነብበት ክፍል ይቀመጥ። ፊልሙ ከተነሣ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል፤ የሐይቁ ልጅ የሐይቁን መጽሐፍ ለማንበብ ጀርመን ወይም አሜሪካ ድረስ ደብዳቤ የሚጽፍበት ምክንያት የለም።